ማሽኑ ምን እየጠበቀ ነው? ለጀማሪ የፒንቦል ጠጋኞች የተደረገ ንግግር

ይህ ጀማሪዎች ፊት ቆሜ በቃል ያወራሁት ነው። ስጽፈው መደጋገሜን ቆራርጫለሁ፤ የቀረውን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ የገዛሁት ፒንቦል፣ ማለትም የብረት ኳስ እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡበት የጨዋታ ማሽን፣ ምን ዓይነት ጠባይ እንደነበረው ልንገራችሁ። ስሰካው ይበራል። አምፖሎቹ ያምራሉ። የማስጀመሪያውን ቁልፍ ስጫን ሆዱ ውስጥ ያለው ሞተር ይነሳል፣ ላይ ያሉት የነጥብ ቁጥሮች መዞር ይጀምራሉ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ከዛ በቃ አያቆምም። ኳስ አይሰጥ፣ ጨዋታ አይጀምር፣ ዝም ብሎ ጠቅ ጠቅ። ወጣ ብዬ ብመለስም እዛው ነው።

ሞተሩ ነው የተበላሸው ብዬ ደመደምኩ። የሚጮኸው እሱ ነዋ! ፈታሁት፣ አጸዳሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ከዛ የሽቦ ንድፉን ዘረጋሁ። ንድፉ አንሶላ የሚያክል ወረቀት ነው፣ መስመሩ ሲያዩት ዓይን ያዞራል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ አፈጠጥኩበት። አንድ ቀን ሰልችቶኝ ወንበር ላይ ተደግፌ ማሽኑን ዝም ብዬ ሳየው፣ ሌሎቹ ቁጥሮች በሙሉ ዜሮ ላይ ቆመዋል፣ የመቶዎቹ ቤት ግን 7 ላይ ነው። ሞተሩ በመታው ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ግን አይዞርም።

ነገሩ ይኸው ነበር። እነዚህ ማሽኖች አዲስ ጨዋታ ከመጀመራቸው በፊት የድሮውን ነጥብ ወደ ዜሮ ይመልሳሉ። እያንዳንዱ የቁጥር ጎማ ዜሮ ላይ ሲደርስ «ደርሻለሁ» የሚል ስዊች አለው። ሁሉም ደርሻለሁ እስኪሉ ድረስ ሞተሩ መምታቱን አይተውም። የእኔዋ የመቶዎች ጎማ ዘንጓ ላይ ያለው ግራሶ በዕድሜ ደርቆ እንደ ሙጫ ይዟታል። ሞተሩ ግን ምንም አልሆነም። አንዷን ሰነፍ እየጠበቀ ሥራውን እየሠራ ነበር። ፈትቼ፣ በአልኮል ጠርጌ፣ መለስኳት። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሦስት ሳምንትና ሩብ ሰዓት በሉት።

ከዛ ወዲህ ማሽን ፊት ስቆም «ምኑ ነው የተበላሸው?» ብዬ አልጀምርም። «ምን እየጠበቀ ነው?» ነው የምለው። ጥያቄዋ ትንሽ ናት፣ ግን ብዙ መፍታት ታስቀራለች።

እሺ፣ የትኛውን ማሽን ነው የማወራው? ኮምፒውተር የሌለበትን። ሞተር፣ ሪሌ (በመብራት የሚታዘዝ ስዊች)፣ ኮይል (መብራት ሲያልፍበት ማግኔት የሚሆን የሽቦ ጥቅል)፣ ስዊችና ሽቦ ብቻ ያለበትን፣ ኤሌክትሮሜካኒካል የሚባለውን። ጎትሊብ የሚባለው ፋብሪካ በ1931 እ.ኤ.አ. ባፍል ቦል የተባለውን ማሽኑን ሲያወጣ ፍሊፐር የሚባል ነገር፣ ያ ቁልፍ ሲጫኑ ኳሷን የሚመታው ክንድ፣ የለም ነበር። ኳሷን ወርውረህ ዕድልህን ነው የምታየው። ፍሊፐር የመጣው በ1947 ነው፣ እዛው ጎትሊብ ቤት፣ ሃሪ ማብስ በነደፈው ሀምፕቲ ደምፕቲ ላይ። ስድስት ፍሊፐር ነበረው፣ ሦስት ሦስት ሆነው በግራና በቀኝ የተደረደሩ፣ ደካሞች። በዓመቱ ስቲቭ ኮርዴክ ጄንኮ ለሚባለው ፋብሪካ በሠራው ማሽን ላይ ሁለት ጠንካራ ፍሊፐሮች ብቻ ከታች አስቀመጠ። ዛሬም ፒንቦል ሲባል ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው እሱ አቀማመጥ ነው። ከ1977 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ወደ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ዞሩ። ስለ እነሱ መጨረሻ አካባቢ ጥቂት እላለሁ።

ኒው ዮርክ ከተማ ፒንቦልን ከ1942 እስከ 1976 ከልክላ ነበር፣ ቁማር ነው ብላ። ክልከላው የተነሳው ሮጀር ሻርፕ የሚባል ጸሐፊ ምክር ቤት አባላት ፊት ቆሞ ኳሷ በየት በኩል እንደምትሄድ አስቀድሞ ተናግሮ፣ እንዳለውም አድርጎ ካሳየ በኋላ ነው። ይህን የማነሳው ወሬ ስለምወድ ብቻ አይደለም። ማሽኑ የተሠራው የተጫዋች እጅ እንዲታዘዝ ነው። እጃችሁን የማይታዘዝ ከሆነ አንድ ነገር ይዞታል ማለት ነው።

አሁን ስለ መብራቱ። አሰልቺ ነው፣ ግን ዝለሉት አልላችሁም።

ከመንካታችሁ በፊት ስፒናውን ንቀሉ። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። የማሽኑ ማጥፊያ ላይ የሚደርሰው ቀጥታ የግድግዳው መብራት ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ ጠፍቶም እስከ ማጥፊያው ድረስ ያለው ሽቦ መብራት አለበት። ብዙዎቹ የድሮ ማሽኖች ሁለት እግር ያለው ስፒና ነው ያላቸው፣ የመሬት ሽቦ የላቸውም፣ ገመዳቸውም ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ባለ ሦስት እግር ገመድ ይግባለት። ይህን ሥራ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ደግሞ አብዛኛው የተሠራው ቺካጎ ውስጥ ለ120 ቮልት ነው። የእናንተ ግድግዳ 220 ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አንድ ጊዜ ካጨሰ በኋላ ማንበብ ጥቅም የለውም።

ከትራንስፎርመሩ ወዲያ ያለው ቀለል ይላል። አምፖሎቹ 6 ቮልት ገደማ ናቸው። ኮይሎቹ እንደ ፋብሪካው አንዳንዱ 24 ቮልት አካባቢ፣ አንዳንዱ 50። አይገድላችሁም ይሆናል፣ ግን ያስደነግጣል፣ ስትደነግጡ ደግሞ እጃችሁን ስለት ያለው ቆርቆሮ ላይ ትጎትታላችሁ። ጠባሳዬን ላሳያችሁ እችላለሁ።

ፊውዝ። የተቃጠለ ፊውዝ ካገኛችሁ በዛው ቁጥር ቀይሩት፣ ከፍ ባለ አይደለም። አንድ ጊዜ የሰው ማሽን ከፍቼ ፊውዙ በሲጋራ ፓኬት ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁ። የጠቀለለው ሰው ችግሩን የፈታ መስሎታል። በእርግጥ ያደረገው ማሽኑ «አንድ ቦታ ያመኛል» ብሎ የሚጮህበትን አፍ ማፈን ነው። ቀጥሎ የሚቃጠለው ኮይሉ ወይም ሽቦው ነው።

ከዛ ወደ መክፈት እንሂድ። የላዩን መስታወት ስታወጡ ጠርዙን ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ አታቁሙት። የጠነከረ መስታወት ነው፣ ፊቱን ብትመቱት ይችላል፣ ማዕዘኑን ትንሽ ነካ ያደረጋችሁት ጊዜ ግን ወደ ሺህ ቁራጭ ይበተናል። ምንጣፍ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጡት። ከኋላ በኩል ሥዕል ያለበት የራስጌ መስታወትም አለ፤ ቀለሙ የተቀባው በጀርባው ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጀርባውን ከጠረጋችሁት ሥዕሉ አብሮ ይመጣል። ፊቱን ብቻ ጥረጉ።

ኳሷ የምትንከባለልበትን ገበታ ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ ኳሷን አውጡ። 80 ግራም የምትመዝን የብረት ኳስ ናት። እኔ ረስቻት ገበታውን ቀና ሳደርገው ወደ ኋላ ተንከባልላ ሌላ ቦታ የማይገኝ ፕላስቲክ ሰበረችብኝ። ኳሷን ካወጣችሁ አይቀር እዩአት። ከተፈጋፈገች ወይም ዝገት ካላት መልሳችሁ አታስገቧት፣ ገበታውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የምትፍቀው። አዲስ ኳስ ርካሽ ነው፣ የተፋቀ ገበታ ግን አይመለስም።

አሁን ገበታው ተነስቷል፣ ከሥር ያለው የሽቦ ጫካ ይታያችኋል። መጀመሪያ የሚሰማችሁ ስሜት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ልብሳችሁን ሰብስባችሁ መሄድ ነው የምትፈልጉት። ቆዩ። ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱ። ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ከጎን። ምንም ሳትነኩ። ሽቦ የነቀላችሁ እንደሆነ ያችን ፎቶ እንደ ልጅ ፎቶ ትወዷታላችሁ።

ቀጥሎ እጃችሁ ይሥራ። ካቻቢቴ ሳይሆን እጃችሁ። ስፒናው እንደተነቀለ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ በጣታችሁ ግፉት። ፍሊፐሩን ወደ ላይ ግፉና ልቀቁት፣ በራሱ ይመለሳል? ሪሌውን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ፈጥኖ ይነሳል ወይስ ይጎተታል? ገብታ የምትወጣ ነገር ሁሉ ያለምንም ማቅማማት መመለስ አለባት። እኔ ካየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ በዚህ ተገኝተዋል፣ የመብራት መለኪያው ቴስተር ከሣጥኑ ሳይወጣ። ሰው «ኤሌክትሪክ አላውቅም» ብሎ ይፈራል፤ ያረጀ ማሽን ግን በብዛት የሚታመመው የሚፋተገው ቦታ ላይ ነው። መገጣጠሚያው፣ ሞላው፣ ቁልፉ። ልክ እንደኛ ጉልበት።

ፍሊፐር ላይ ረጅም ጊዜ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም እናንተም እሱ ላይ ነው ረጅም ጊዜ የምትቆዩት።

አሠራሩን እዩልኝ። ከገበታው ሥር ኮይል አለ። ኮይሉ ውስጥ ቱቦ አለ፣ ቱቦው ውስጥ ፕላንጀር የሚባል የብረት ዘንግ ይመላለሳል። ቁልፉን ስትጫኑ ኮይሉ ማግኔት ይሆንና ዘንጉን ይስበዋል፣ ዘንጉ በአንዲት ማያያዣ በኩል የፍሊፐሩን እግር ያዞራል፣ ፍሊፐሩ ይመታል። እስከዚህ ቀላል ነው። ብልሃቱ ያለው ኮይሉ ላይ ነው። አንድ ኮይል ይምሰላችሁ እንጂ ሁለት ነው። አንደኛው ወፍራም ሽቦ፣ ተቃውሞው ጥቂት ኦም ብቻ፣ ብዙ ጉልበት የሚስብ፣ ለመምታት። ሁለተኛው ቀጭን ሽቦ፣ ተቃውሞው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ፣ ፍሊፐሩ ላይ ከወጣ በኋላ ይዞ ለማቆየት። ጠንካራው ብቻ ቢሆን ቁልፉን ይዛችሁ በቆያችሁ ጊዜ ይቃጠል ነበር።

ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው ማነው? አንዲት ትንሽ ስዊች። የጉዞ መጨረሻ ስዊች እንበላት። ፍሊፐሩ ተኝቶ እያለ ዝግ ናት፣ መብራቱ በጠንካራው ብቻ ያልፋል። ፍሊፐሩ ጉዞውን ሊጨርስ ሲል እግሩ ይገፋትና ትከፈታለች፤ ያኔ መብራቱ በቀጭኑም ጭምር ማለፍ ስላለበት ይቀዘቅዛል። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብትከፈት ይበቃታል።

አሁን ጥያቄያችንን እንጠይቅ፣ ምን እየጠበቀ ነው? ኮይሉ የሚጠብቀው ያቺን ስዊች ነው። ስለዚህ ፍሊፐሩ የሚያሳያችሁን ጠባይ እንደ ቋንቋ አንብቡት።

ፍሊፐሩ ገና ሲነሳ ሽባ ከሆነ፣ ኳሷን የሚገፋት እንጂ የማይመታት ከሆነ፣ ስዊቿ ቆሽሻ ወይም ተጣማ አልዘጋ ብላለች። መብራቱ ከመጀመሪያው በቀጭኑ ነው የሚሄደው። ፍሊፐሩ ወጥቶ፣ ቁልፉን ይዛችሁት እያለ የሚወድቅና የሚነሳ፣ ትርርር የሚል ከሆነ ደግሞ ቀጭኑ ሽቦ ተበጥሷል፤ ይወጣል፣ ስዊቿ ትከፈታለች፣ የሚይዘው የለም፣ ይወድቃል፣ ስዊቿ ትዘጋለች፣ እንደገና ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከጥቅሉ ወጥቶ እግሩ ላይ የተበየደበት ቦታ ነው። ዓይናችሁን አስጠግታችሁ እዩ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። አንዳንዴ አንድ ዙር ፈትቶ መልሶ መበየድ ይበቃል። ፍሊፐሩ ጥሩ እየሠራ የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ስዊቿ አልከፈት ብላለች ማለት ነው። ያኔ ማሰብ አያስፈልግም፣ አጥፉ።

እኔ የመጀመሪያውን ኮይል ያቃጠልኩት በዚሁ ነው። ፍሊፐሩ ደከመብኝ። አንድ ሰው «ስዊቿን ጠበቅ አድርጋት» አለኝ። ጠበቅ አደረግኳት፣ እንደ አዲስ መታ፣ ተደሰትኩ። ከመጠን በላይ ስለጠበቀች ፈጽሞ አትከፈትም። ሽታው ለሁለት ቀን ከቤት አልወጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

ስዊቿ ደህና ሆና ፍሊፐሩ ከደከመ ወደ ብረቱ ሂዱ። ማያያዣዋ ላይ ያለው ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ዘንጉ ሲሄድ ፍሊፐሩ ዘግይቶ ይከተለዋል፣ የመምታት ጉልበት ባዶ ክፍተት ውስጥ ይቀራል። የፕላንጀሩን ጫፍ እዩ። ለዓመታት ማቆሚያውን ሲመታ ኖሮ እንደተቀጠቀጠ ችንካር ራስ ሰፍቶ ይሆናል፣ ያኔ ቱቦውን ይፍቃል። በሞረድ አስተካክላችሁ ጥቂት ጊዜ ይሠራል፣ የሚሻለው ግን መቀየር ነው። ቱቦውንም አብራችሁ ቀይሩ። የተቃጠለ ኮይል ውስጥ ያለ ቱቦ ኮይሉን ይዞ ስለሚያብጥ አንዳንዴ አይወጣም፤ አልወጣም ካለ ኮይሉም ዕድሜውን ጨርሷል።

ፍሊፐሩ ወጥቶ የሚቀር ከሆነ ሞላውን፣ ቀጥሎ የፍሊፐሩን ከፍታ እዩ። ከላይ በጣታችሁ ስትይዙት ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሚሊ ሜትር ያህል መጫወት አለበት። ጭራሽ ካልተጫወተ ገበታውን ወይም ዘንጉ የሚያልፍበትን ቀለበት እየፋተገ ነው። ይህን ሳያዩ ሞላ የሚያጠነክሩ ሰዎች አሉ። ጠንካራ ሞላ ፍሊፐሩን ይመልሰዋል፣ ግን ሲመታም ይጎትተዋል። አንዱን ህመም በሌላ ህመም መለወጥ ነው።

ከመሐላችሁ አንድ ሰው «ዘይት ጠብ ባደርግበትስ?» አለ። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ሁሉም ያስበዋል፣ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። አይ። ፕላንጀርና ቱቦው መካከል ዘይት አይገባም፣ በደረቁ ነው የሚሠራው። ያ በቆርቆሮ የሚረጭ ዘይትማ ከማሽኑ አጠገብም አይድረስ። ሲረጩት ያለሰልሳል፣ ከዛ አቧራ ይሰበስባል፣ ከዛ ይደርቃል፣ ከዛ የእኔ የመቶዎች ጎማ ላይ ያያችሁት ሙጫ ይሆናል። ስዊች ላይ ከደረሰ ደግሞ መብራት አላሳልፍ ይላል። ብረት ከብረት ጋር የሚፋተግባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ እዛ በክብሪት ጫፍ የምትያዝ ግራሶ ትበቃለች። ተንቀራፈፈ ብላችሁ ከመቀባታችሁ በፊት ያለውን አጽዱ። ብዙ ጊዜ መቀባት ሳያስፈልግ ነገሩ ያልቃል።

ስዊቾች ላይ ልምጣ። አንድ ማሽን ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ አሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፦ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች፣ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ነጥብ፣ ሲነካኩ መብራት ያልፋል። የሚታመሙት በሁለት ነገር ነው፣ በቆሻሻ እና በመጣመም።

ቆሻሻውን ለማጽዳት ፍሊፐርና ሌሎች ከባድ ጉልበት የሚያልፍባቸው ጠንካራ ነጥቦች ላይ ስስ ሞረድ ይጠቅማል። ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ሳብ አድርጉት፣ ጥቁሩን እስኪያስለቅቅ። ሌሎቹ ላይ ደረቅ ካርድ፣ ቢዝነስ ካርድ በሉት፣ በምላሶቹ መሐል አስገብታችሁ፣ በጣት ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጋችሁ ማውጣት ይበቃል። ካርዱ ላይ ጥቁር መስመር ታያላችሁ። እኔ ያችን መስመር ማየት በጣም ነው የምወደው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ማስተካከሉ ትዕግሥት ይፈልጋል። ምላሱን ከጫፉ አትጠምዝዙት፣ ከሥሩ ነው የሚታጠፈው፣ ያውም በጣም በጥቂቱ። ስዊቿን ራሷን የያዙትን ቡሎኖች መጀመሪያ ጠበቅ አድርጉ፤ እነሱ ላልተው ምላስ ያስተካከለ ሰው በማግስቱ እንደገና ያስተካክላል። ከዛ አንድ ስዊች አስተካክሉ፣ ሞክሩ፣ ወደ ሌላው እለፉ። አምስቱን በአንዴ የነካ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፣ የባሰው ደግሞ የትኛው እንደገደለው አያውቅም።

ኳሷ ስትነካቸው በርግገው የሚመልሷት ክብ ክቦቹ፣ ፖፕ ባምፐሮቹ፣ የስዊች ትምህርት ቤት ናቸው። ኳሷ ከባምፐሩ ግርጌ ያለውን ቀሚስ መሰል ዝርግ ትረግጣለች፣ የቀሚሱ እግር ከሥር ባለች ማንኪያ መሰል ጎድጓዳ ላይ ነው የቆመው፣ እግሩ ሲያዘነብል ማንኪያዋ ስዊቿን ትዘጋለች፣ ኮይሉ ከላይ ያለውን ቀለበት ወደ ታች ይስበዋል፣ ቀለበቱ ኳሷን ያስፈነጥራታል። ባምፐሩ ከአንድ በኩል ሲነካ ብቻ የሚሠራ ከሆነ እግሩ የማንኪያዋ መሐል ላይ አይደለም ያለው። ስዊቿን ቀና በማድረግ መሐል አምጡት። ማንም ሳይነካው ብቻውን የሚተኩስ ከሆነ ክፍተቷ ጠብባለች፣ ሌላ ባምፐር ሲመታ በንዝረቱ ትዘጋለች። ይኼ ማሽን የሚጠብቀው ነገር ሳይመጣ መጣ ብሎ የሚያምን ነው።

ጨርሶ አልጀምር ያለ ማሽንስ? እዚህ ላይ ጥያቄዋ ወርቅ ናት። ማሽኑ ለመጀመር የሚጠብቃቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ኳሷ ቦታዋ ላይ መሆኗን የምትነግረው ስዊች። የተከፈለበት ጨዋታ መኖሩን የሚያሳየው ቆጣሪ፣ ዜሮ ላይ ከሆነ አይጀምርም። ሣጥኑ ሲነቀነቅ ጨዋታ የሚያቋርጠው የቲልት መሣሪያ፣ ማለትም እንደ ቱምቢ የተንጠለጠለው ብረት፤ ማሽኑ ካዘመመ በዙሪያው ያለውን ቀለበት ነክቶ ይቀራል። ከዛ የቁጥር ጎማዎቹ። እነዚህን በዓይናችሁ ሳታዩ ንድፍ አትዘርጉ። አንድ ጓደኛዬ ማሽኑን ሞተ ብሎ ሊሸጥ ደርሶ ነበር፤ ኳሷ ሳትገባ ረስቷት ኪሱ ውስጥ ናት።

በራስጌው ሣጥንና በታችኛው መሐል የሚያገናኙት ትልልቅ መሰኪያዎችም አሉ። ማሽን ቤት ሲቀይር የሚነቀሉት እነሱ ናቸው። «በመኪና እስኪመጣ ይሠራ ነበር» የሚባል ማሽን ሲመጣልኝ መጀመሪያ እነሱን ነው ነቅዬ የምሰካው።

ትንንሾቹን በፍጥነት ልለፍ። ኳሷ የምትነጥርባቸውን የላስቲክ ቀለበቶች በሙሉ ቀይሩ፣ የደረቀ ላስቲክ ኳስ አይመልስም፣ ደካማ ፍሊፐር ያላችሁ ይመስላችኋል። አምፖል ስትገዙ 44 ቁጥር ሩብ አምፔር ገደማ ይስባል፣ 47 ቁጥር 150 ሚሊ አምፔር፤ ከሥዕሉ ጀርባ 47ቱን አድርጉ፣ ሙቀቱ ስለሚቀንስ ቀለሙ አይላጥም። እግሮቹን በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ የእነዚህ ማሽኖች ተዳፋት 3.5 ዲግሪ ገደማ ነው፣ የአዲሶቹ 6.5። አዲሱን የለመደ ሰው የድሮውን አቁሞ «ዘገምተኛ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ዕድሜው ነው፣ ተውት።

የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ያላቸውን የ1970ዎቹ መጨረሻ ማሽኖች የያዛችሁ ሦስት ነገር ብቻ ያዙልኝ። ሰሌዳው ላይ ባትሪ ካለ ዛሬ ማታ አውጡት፣ የሚያፈሰው ፈሳሽ ሰሌዳውን ይበላዋል። የገበታው ስዊቾች ነጥብ ወርቅ የተቀባ ስለሆነ ሞረድ አይንካው፣ ካርድ ብቻ። ኮይል ስትቀይሩ ዳዮዱ፣ መብራትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ትንሽ ዕቃ፣ በየት አቅጣጫ እንዳለ እዩ፣ የተገለበጠ ዳዮድ ሌላ ዕቃ ይዞ ነው የሚሄድ።

የመጨረሻውን ጥያቄ እንዳለ ላስፍረው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ተነስቶ፣ «የእኔ ግራ ፍሊፐር መጀመሪያ ላይ አሪፍ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ስጫወት ይደክማል። እንደኔው» አለ። ሳቅን።

የሚሞቅ ነገር አለ አልኩት። መዳብ ሲሞቅ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ኮይሉ 50 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 20 በመቶ ገደማ ያድጋል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ቱቦውም ሲሞቅ ጠብቦ ፕላንጀሩን ሊይዘው ይችላል። ግን ለምን ይሞቃል? ቀኙ ለምን አይሞቅም? ስለዚህ ቤትህ ስትሄድ ሃያ ደቂቃ ተጫወትና ስፒናውን ነቅለህ ሁለቱን ኮይሎች በእጅህ ንካቸው። ግራው ከቀኙ በጣም ከሞቀ፣ ፍሊፐሩን በእጅህ እስከ መጨረሻው ግፋና ያችን ስዊች እያት። ትከፈታለች ወይስ ተነካክታ ትቀራለች?

በሳምንቱ ደወለልኝ። ስዊቿ አልከፈት ያለችው፣ ከእሱ በፊት የነበረው ባለቤት ምላሷን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ እንዳትመለስ በኤሌክትሪክ ቴፕ ስላሰራት ነው። ቴፑ ከሙቀቱ የተነሳ ቀልጦ ተጣብቋል። ልጦ አነሳው፣ ምላሷን ከሥሯ ቀና አደረጋት፣ ቱቦውን ቀየረ። አሁን እሱ ነው ቀድሞ የሚደክመው አለኝ።